የቮልሱ ቀለም ምን ይናገራል?

የድሮ መኪናዎችን በቀለም ወይም በጥቁርና ነጭ ስለማንሳት፣ በቸርችል ጎዳና አቅራቢያ ለፎቶግራፍ ወዳጆች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ የፎቶግራፍ ወዳጆች፣ መኪናዎቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ባለቤቶችም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ውሳኔ ነው፤ የድሮ መኪና ከፊታችን ቆሞ ሳለ ምስሉን በቀለም እናድርገው ወይስ በጥቁርና ነጭ? ካሜራውም ሆነ ስልኩ ሁለቱንም ስለሚሰጥ ብዙ ሰው ካነሳ በኋላ ቤቱ ተቀምጦ በአንዲት ቁልፍ ይወስነዋል። ዕቃው አሮጌ ሲሆን ደግሞ ውሳኔው ቀድሞ ያለቀ ይመስላል፤ ቮልስ ነው፣ ፊያት ነው፣ የድሮ ፔጆ ነው፣ እንግዲያው ጥቁርና ነጭ ይሁን ይባላል። እኔ የምቃወመው ይህን ልማድ ነው። መኪናው አሮጌ መሆኑ ብቻውን ቀለሙን ለመንሳት ምክንያት አይሆንም። ጥቁርና ነጭ ታላቅ የሥራ መንገድ ነው፣ እኔም አብዝቼ እሠራበታለሁ፤ ሊመረጥ የሚገባው ግን ስለ ቅርጽ፣ ስለ ብርሃንና ስለ ብረቱ ጠባይ ተብሎ ነው፤ መኪናውን ይበልጥ ያረጀ ለማስመሰል ተብሎ ሲመረጥ ምስሉ ይዋሻል።

ይህን በብርቱ የምናገርበት ምክንያት ከተማችን ናት። በብዙ አገር የድሮ መኪና ተሸፋፍኖ በጋራዥ የሚኖር፣ በበዓልና በእሑድ ብቻ የሚወጣ ዕቃ ነው። በአዲስ አበባ ግን ቮልስ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ ልጆችን ከትምህርት ቤት ያመላልሳል፣ የቸርችልን ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ እያጓራ ይወጣል፣ ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽና ወንበር ተጭኖበት ይታያል። ዛሬ ጠዋት ነዳጅ የቀዳን መኪና የአያት ዘመን ቅርስ አስመስሎ ማቅረብ መኪናውንም ባለቤቱንም ከዛሬ ውስጥ ማውጣት ነው። ቀለም የምስሉ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ከቮልሱ ጀርባ የሚያልፈው ሰው የለበሰው፣ የግንቡ ቅብ፣ የማስታወቂያው ሰሌዳ፣ አጠገቡ የቆመው አዲስ መኪና ሁሉ በቀለማቸው ይህ ምስል በየትኛው ዘመን እንደተነሳ ይመሰክራሉ።

አሮጌን ነገር ከጥቁርና ነጭ ጋር የምናያይዘው ከየት አምጥተን ነው? ወደ አገራችን የመኪና ታሪክ መለስ ብለን እንይ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ዎልስሊ የተባለውን መኪና ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ በረሃና ተራራ አቋርጦ ለንጉሠ ነገሥቱ አደረሰ። በዚያ ዘመን ይህችን ከተማ ያነሱት ሰዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሳቸው በኋላ የቤተ መንግሥቱን ሥራ የቀጠሉት ልጆቻቸው፣ የሠሩበት ፊልምና በፊልም ፈንታ ምስል የሚይዝ የመስታወት ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ የሚሰጥ ነበር። ፈረንሳውያኑ ሉሚየር ወንድማማቾች ቀለም የሚይዘውን የመስታወት ሰሌዳቸውን ለገበያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ኮዳክሮም የተባለው የኮዳክ ፊልም ለተራ ካሜራ የደረሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የቀለም ፊልም ውድ ነበር፣ አጠባውም ተራ ፎቶ ቤት የሚችለው አልነበረም። ስለዚህ የአባቶቻችን አልበም ጥቁርና ነጭ የሆነው ፎቶ አንሺው መርጦ ሳይሆን በእጁ ያለው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው። መኪናዎቹ ራሳቸው ግን ቀለም ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከጣሊያንና ከጀርመን የመጡት ትንንሽ መኪናዎች በፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ በክሬም፣ በአረንጓዴና በቀይ የተቀቡ ነበሩ።

እንዲያውም የቀደመው ፊልም ግራጫውንም ቢሆን በትክክል አልሰጠንም። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው የድሮ ፊልም ቀይን አያይም፤ ቀይ መኪና በእርሱ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ሰማይ ደግሞ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ሁሉንም ቀለም የሚያየው ፓንክሮማቲክ ፊልም እየተስፋፋ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ነው። የጥንት መኪና ሁሉ ጥቁር ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ያን እምነት በከፊል ያገኘው ከፊልሙ ጠባይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው በቮልስዋገን ተጭነው ተወሰዱ። ያን ቀን ያልኖረው ወጣት ሁሉ ትዕይንቱን ያውቀዋል፤ ሲታሰበው ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው የሚታሰበው። በአገራችን ታሪክ ውስጥ ከዚህ ይበልጥ የታወቀ ቮልስ የለም፤ ያም ሆኖ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ግራጫው ምስል ሊነግረን አይችልም። ፎቶግራፍ አንዴ ቀለሙን ከጣለ በኋላ ያንን መልሶ የሚያመጣ ብልሃት የለም። ዛሬ ሁለቱም መንገድ በእጃችን እያለ ቀለሙን የምንጥል ከሆነ የምንጥለው ነገር ምን እንደሆነ አውቀን መሆን አለበት።

ወደ ጎዳናችን ልመለስና ቀለም በአዲስ አበባ መኪና ላይ ምን እንደሚሠራ ልናገር። ሰማያዊና ነጩን ላዳ ውሰዱ። ይህ መኪና በዘሩ ጣሊያናዊ ነው፤ የሶቪየት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ ከተማ የሠራው የፊያት 124ን ንድፍ ለመጥፎ መንገድ አጠንክሮ ነው። ቅርጹ አራት ማዕዘን፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ያለ ብዙ ጌጥ የተሠራ መኪና ነው። ስለዚህ ላዳን ላዳ፣ ይበልጡንም ታክሲ የሚያደርገው ሰማያዊው ነው። በጥቁርና ነጭ ስታነሱት ከታች የጠቆረ ከላይ የነጣ አንድ የስድሳዎቹ መኪና ይቀራል፤ በየትኛውም አገር ሊቆም የሚችል መኪና ይሆናል። ለአዲስ አበባ ሰው ያ ሰማያዊ በዝናብ ምሽት ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ በዋጋ ተከራክሮ የተሳፈረበት፣ የታመመ ሰው ሌሊት ሐኪም ቤት የደረሰበት ቀለም ነው። ላዳን በተመለከተ ፍርዴ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሙሉ መኪናው በምስሉ ውስጥ ካለ በቀለም ይነሳ።

ሰሌዳውም እንዲሁ ይናገራል። ብዙዎቻችን ያደግንበት የሰሌዳ ሥርዓት በቀለም የተከፋፈለ ነው፤ የታክሲው ኮድ 1 ቀይ፣ የግል መኪናው ኮድ 2 ሰማያዊ፣ የንግዱ ኮድ 3 አረንጓዴ፣ የመንግሥቱ ኮድ 4 ጥቁር ነው። አንድ ያረጀ ፔጆ 404 ፒክአፕ አረንጓዴ ሰሌዳ ለጥፎ ስታዩት ገና እንጀራ እየጋገረ መሆኑን ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ። ቁጥሩን ለባለቤቱ ደኅንነት ስትሉ ልታደበዝዙት ትችላላችሁ፣ እኔም እንድታደርጉት እመክራለሁ፤ ቀለሙ ግን ይቆይ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የቀለሙ እርጅና ነው። የድሮው የመኪና ቅብ የዛሬውን የመሰለ መስታወታማ መሸፈኛ አልነበረውም፤ ፀሐይና አየር በቀጥታ ያገኙታል፣ ከላዩ እየደረቀ ዱቄት ይሆናል። ቀይ ቅብ ከሁሉ ቀድሞ ይለቅና ወደ ሮዝ ያደላል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነው፤ ኮፈኑና ጣሪያው ከበሩ ይልቅ ፈጥነው የሚፈዝዙት ፊታቸውን ወደ ሰማይ ስላዞሩ ነው። በዚህ ላይ የባለቤቶች ታሪክ ይደረባል፤ አንዱ ፓራፋንጎ ከሱማሌ ተራ ከሌላ ቮልስ ተገዝቶ የገባ ስለሆነ ቀለሙ ከበሩ አይገጥምም፣ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ከላይኛው ክሬም ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ዝገት ይታያል። ይህ ሁሉ የመኪናው የሕይወት ታሪክ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ግን ዝገትና ጭቃ፣ ጭቃና ጥላ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። በሮዝና በቀይ መካከል ያለው የዓመታት ርቀትም አብሮ ይጠፋል። የጊዜን ሥራ በመኪና ላይ ማሳየት የሚፈልግ ፎቶ አንሺ ቀለምን ሲተው ዋናውን ማስረጃ ጥሎ ነው የሚሄደው።

የባለቤቶቹንም ስሜት አትርሱ። በአራት ኪሎ አካባቢ ቮልስ ያላቸው አንድ አዛውንት ለአንድ መኪና የተሠሩ ሁለት ኅትመቶች፣ አንዱ በቀለም ሌላው በጥቁርና ነጭ፣ ጎን ለጎን ሲቀርቡላቸው ሳያመነቱ ባለቀለሙን አነሡ። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ይህን ቀለም የመረጠችው ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ናት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም መኪና ከማንሳቴ በፊት ቀለሙ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ፤ መልሱ አንዳንድ ጊዜ ከሌንስ ምርጫ ሁሉ ይበልጥ ሥራውን ይመራዋል።

እስካሁን ለቀለም ስሟገት ቆይቻለሁ። አሁን ወደ ጥቁርና ነጭ ልምጣ፤ ተገቢው ቦታ ላይ ሲውል የሚተካው የለምና።

የመጀመሪያው ቦታ ቅርጽ ነው። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው፤ ስለዚህ ከፊት ራዲያተር የለውም፣ ራዲያተር ስለሌለውም አየር የሚያስገባ ፍርግርግ አያስፈልገውም። በዚህ የተነሳ ከመስታወቱ ሥር ተነሥቶ እስከ ባምፐሩ የሚወርደው ኮፈን ያልተቆረጠ አንድ ኩርባ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ይህ መኪና በየትኛውም ማዕዘን የሚታወቀው በዚያ ኩርባ ነው። ብርሃን በኩርባ ላይ ሲሄድ ከነጭ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ጥቁር ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ ያን ሽግግር እንደ ጥቁርና ነጭ አጥርቶ የሚያሳይ የለም። በተለይ መኪናው ነጭ፣ ክሬም ወይም ግራጫ ሲሆን ቀለሙ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ስለሆነ ምርጫው ይቀላል። ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው የድንጋይ አንበሳ፣ ከዚያው አቅራቢያ ያለው አንሪ ሾሜት የነደፈው የንግድ ባንክ የቀድሞ ክብ ሕንፃ፣ ሁለቱም ለእንዲህ ዓይነት ምስል የተሠሩ ይመስሉኛል። የሕንፃው ክብ ወገብና የቮልሱ ጀርባ በአንድ ምስል ሲገናኙ ኩርባው ለኩርባው ይመልስለታል፤ በቀለም ቢነሳ የመንገዱ ማስታወቂያ ጣልቃ ገብቶ ይህን ውይይት ያቋርጠዋል።

ሁለተኛው ክሮም ነው። ክሮም የራሱ ቀለም የለውም፤ የሚያሳየው ሌላውን ነው። ባምፐሩ ከላይ ሰማይን፣ ከታች አስፋልትን፣ በመካከል ደግሞ ጥቁር የአድማስ መስመርን ይይዛል፤ የመብራቱ ቀለበትና የቸርኬው ቆብ ጎዳናውን በሙሉ አጥፈው በአንድ መዳፍ ውስጥ ያስገቡታል። በቀለም ሲነሳ ያ ነጸብራቅ የአላፊውን ሰው ቢጫ ጃኬት፣ የሚኒባሱን ሰማያዊ ይዞ ይረበሻል፣ ዓይንም ብረቱን ትቶ ጃኬቱን ይከተላል። በጥቁርና ነጭ ግን ክሮሙ ብረትነቱን ያገኛል። የፔጆን የአንበሳ ምልክት፣ የበር እጀታን፣ ስፖኪዮን፣ የመርሴዲስን ፍርግርግ ከቅርብ ስታነሱ ይህን መንገድ ሞክሩ።

ሦስተኛው የተዝረከረከ ጀርባ ነው። የመካከለኛው አዲስ አበባ ጎዳና በቀለም የተጨናነቀ ነው፤ የግንባታ ቆርቆሮ አጥር፣ የባንክ ሰሌዳ፣ የልብስ መደብር ባነር፣ ቀይና ቢጫው አንበሳ አውቶቡስ። በዚህ መሐል የቆመ ፈዛዛ ሰማያዊ ፊያት ይዋጣል። ቆሞ የተሻለ ማዕዘን ማግኘት ካልተቻለ ቀለሙን ማስወገድ ጀርባውን ዝም ያሰኘዋል። ነገር ግን ይህን መፍትሔ በጥርጣሬ እንድታዩት እለምናለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ መሄድና ዝቅ ማለት ቀለምን ከመሠዋት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ቀለም ከምስሉ ሲወገድ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው በውጤቱ ይደነግጣልና። በተለመደው የዲጂታል ስሌት የአንድ ነጥብ ብሩህነት የሚሰላው ከአረንጓዴው 72 በመቶ፣ ከቀዩ 21 በመቶ፣ ከሰማያዊው 7 በመቶ ገደማ ተወስዶ ነው። ስለዚህ ደማቅ ሰማያዊ ከምታስቡት በላይ ይጠቁራል፤ የላዳው ሰማያዊ ጥቁር መስሎ የሚወጣው በዚህ ነው። ከዚህ የከፋው ሁለት ፍጹም የተለያዩ ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆኑ ነው። ደማቅ ቀይ ፊያት 600 ጠቆር ባለ አረንጓዴ አጥር ፊት ሲቆም በቀለም እሳት ይመስላል፤ በጥቁርና ነጭ ግን ከአጥሩ ጋር ተመሳስሎ ጠርዙ ይጠፋል። መፍትሔው የቀለሞቹን ድርሻ ለየብቻ መቆጣጠር ነው። በፊልም ዘመን ይህ በሌንስ ላይ በሚገባ ባለቀለም መስታወት ይሠራ ነበር፤ ቀይ ፊልተር ቀዩን መኪና አንጥቶ አጥሩንና ሰማዩን ያጠቁራል፣ አረንጓዴ ፊልተር ደግሞ መኪናውን አጥቁሮ አጥሩን ያነጣል። ዛሬ ምስሉን በሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ በሚይዝ ፋይል፣ ከያዛችሁ ያንኑ ሥራ ኮምፒውተር ላይ ትሠሩታላችሁ። የካሜራውን መስኮት በጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ፋይሉን በሮው ብታስቀምጡ ጥላና ብርሃኑን በቦታው ታያላችሁ፣ ቀለሙም ሳይጠፋ በፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ውሳኔውን ግን መዝጊያውን ከመጫናችሁ በፊት ወስኑ እላለሁ፤ ለቀለም የሚቆምበት ቦታና ለጥቁርና ነጭ የሚቆምበት ቦታ አንድ አይደለምና።

ስለ ብርሃን ጥቂት ልቆይ፤ በእኛ ከተማ ግማሹን ውሳኔ የሚወስነው እርሱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ በአናታችን ትቆማለች። በእነዚያ ሰሞናት ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ የመኪና ጣሪያ ይቃጠላል፣ ጎኑ ይጨልማል፣ ጥላው ከሆዱ ሥር ይሰበሰባል። እንዲህ ያለው ብርሃን ቀለምን ያጥባል፤ ለጥቁርና ነጭ ግን ሊያገለግል ይችላል፣ ጣሪያው ነጭ ጭረት፣ ከሥር ያለው ጥላ ጥቁር መሠረት ሆነው መኪናውን ይይዙታልና። የሚያድጉ ፎቶ አንሺዎች እኩለ ቀን ላይ ካሜራ አይወጣም የሚለውን ምክር በሙሉ እንዳይቀበሉት እመኛለሁ።

ቸርችል ጎዳና ራሱ ትምህርት ቤት ነው። አርቱሮ መዜዲሚ ከነደፉት ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ተነሥቶ በቴዎድሮስ አደባባይ አልፎ ወደ ለገሃር የሚወርደው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በእኩለ ቀን አካባቢ የሚወርዱት መኪናዎች ፊታቸው ይበራል፣ የሚወጡት ደግሞ ፊታቸው በጥላ ይሆንና ጀርባቸው ያበራል። በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምትሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ጠዋት አንደኛው፣ ከሰዓት ሌላኛው የመንገዱ ዳር ይበራል። ይህን አውቆ የቆመ ሰው የሚወርደውን ቮልስ ባለቀለም ኮፈን በሙሉ ብርሃን ያገኘዋል፤ የሚወጣውን ደግሞ ከፀሐይ ተቃራኒ አንስቶ የጣሪያውን ጠርዝ እንደ ክር የሚያበራ ጥቁርና ነጭ ሊያደርገው ይችላል። ለቀለም የምወደው ሰዓት ግን ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ያለው ነው። ማታ ላይ ጊዜው አጭር ነው፤ በእኛ ሰማይ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ለሥራ የሚበቃ ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ መኪናው ቀድሞ በቦታው መቆም አለበት።

ክረምቱን ብዙዎች ይፈሩታል፤ ለመኪና ፎቶግራፍ ግን ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለው እርሱ ይመስለኛል። የሐምሌ ደመና ብርሃኑን ከሁሉም አቅጣጫ አለስልሶ ያወርደዋል፣ በክሮሙ ላይ የሚያስቸግረው የፀሐይ ነጥብ ይጠፋል፣ የረጠበ አስፋልት ቀለሙን መልሶ ያሳያል። የፈዘዘ ቅብ እንኳ በዝናብ ሲርስ ለጥቂት ደቂቃ የጥንት ድምቀቱን ያገኛል፤ ያ የሚሆነው ውኃው የሻከረውን የቅብ ገጽ ስለሚያለሰልሰውና ብርሃኑ መበታተኑን ስለሚተው ነው። ዝናቡ እንዳባራ የወጣ ሰው የቮልሱን የመጀመሪያ ቀለም ያያል። ይህን በጥቁርና ነጭ ማንሳት ያሳዝነኛል።

ስለ መሣሪያ በአጭሩ እናገራለሁ። በጣም ሰፊ ሌንስ ከቅርብ ሲያነሳ መብራቱን ያፈጠጠ ዓይን አድርጎ የመኪናውን ልክ ያበላሻል፤ ከ50 እስከ 85 ሚሊሜትር ባለው ራቅ ብሎ ማንሳት የሠሪውን ንድፍ ያከብራል። ካሜራው በመብራቱ ከፍታ ይሁን። ፖላራይዘር የሚባለው በሌንስ ላይ የሚገጠም ፊልተር ከመስታወትና ከቅብ ላይ ነጸብራቅን ያስወግዳል፣ ቀለሙንም ያጠልቀዋል፤ በክሮም ላይ ግን አይሠራም፣ ከብረት የሚመለሰው ብርሃን እንደ መስታወቱ ስላልሆነ። በተጨማሪም በጎንና በኋላ መስታወቶች ላይ መስታወቱ በፋብሪካ ሲጠነክር የቀረበትን ነጠብጣብና የቀስተ ደመና ምልክት ሊያወጣ ይችላል፣ አንድ ጊዜ አዙራችሁ ተመልከቱ።

ሌላ አቋሜን ልናገር፤ ጎዳናውን ሁሉ ግራጫ አድርጎ መኪናውን ብቻ ቀይ የማስቀረት ልማድ አለ። እኔ አልወደውም። መኪናውን ከሚኖርበት ከተማ ይቆርጠዋል፣ ተመልካቹንም ራሱ እንዳያይ በጣት እየጠቆመ ይመራዋል። አንድ ተከታታይ ሥራ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ሙሉ መኪናውን ከነጎዳናው በቀለም፣ የክሮሙንና የቅርጹን ዝርዝር በጥቁርና ነጭ ቢያደርግ ምክንያቱ ለተመልካች ግልጽ ይሆናል፤ አንዱን ቮልስ በቀለም ሌላውን በግራጫ ያለ ምክንያት ማሰባጠር ግን ሥራውን ያላላዋል።

ይህ ጉዳይ ለምን ዛሬ እንደሚያስቸኩለኝ ታውቃላችሁ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፤ ጎዳናዎቻችን በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞሉ ነው። በዚያው ዓመት የፒያሳ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። ቮልሱ ለዓመታት ሲቆምበት የነበረው ግንብ በብዙ ቦታ የለም፣ ሰማያዊው ላዳም በየወሩ እየቀነሰ ይታየኛል። ከ30 ዓመት በኋላ የዚህችን ከተማ መልክ የሚጠይቅ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄው ታክሲው ምን ዓይነት ሰማያዊ ነበር የሚል ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት የምንችለው ዛሬ ካሜራ የያዝነው ነን።

በመጨረሻ ስለ አቀማመጥ። በብር ጨው የተሠራ ጥቁርና ነጭ ኅትመት በደንብ ከታጠበ ትውልድ ይሻገራል። የቀለም ኅትመት ግን በኬሚካል ማቅለሚያ የቆመ ነው፤ በየቤታችን ያሉት የሰባዎቹና የሰማንያዎቹ ፎቶዎች ቀላ ብለው የሚታዩት ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነው ማቅለሚያ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ባለቀለም ሥራችሁን ፒግመንት በሚባለው ቀለም አሳትሙ፣ ከፀሐይ አርቁ፣ ዋናውን ፋይል ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ። በጥቁርና ነጭ የምታሳትሙትን ደግሞ ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት፤ የመኪናውን ዓይነትና ዘመን፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከዚያም ቀለሙን፣ ባለቤቱ በሚጠራበት ስም፤ «ክሬም፣ ከሥሩ አረንጓዴ ያለው፣ የግራው በር ነጭ» ብላችሁ።

አመሰግናለሁ። አሁን መኪናዎቹ ውጭ ቆመዋል፣ ብርሃኑም ገና ለአንድ ሰዓት ያህል ይበቃናል፤ ባለቤቶቹን አስፈቅደን እንጀምር።